በእማማ ጡት የለካነው

እማማ የቀሚሳቸውን አንገት ወደ ጎን ሳቡና የእህቴን እጅ ይዘው በግራ ጡታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ዳብሺው፤ አይናከስም» አሏት።

እህቴ ሣቀች። ሌላው እጇ የራሷ ጡት ላይ ነበር። የእሳቸውን በአንድ እጇ፣ የራሷን በሌላው ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ስታመዛዝን አሁንም ትታየኛለች። እኔ ሕፃኗን ታቅፌ የበሩ ደፍ ላይ ቆሜ መልሷን እጠብቅ ነበር።

«አንድ ናቸው» አለች በመጨረሻ። «እታለሜ፣ ሙች አንድ ናቸው! ያው ድርቀቱ፣ ያው አለማመሙ። የእሳቸው እንዲያውም ይተልቃል።»

«አላልኳችሁም?» አሉ እማማ ቀሚሳቸውን እየመለሱ። «ስምንት ዓመት ይዤው ኖርኩ። እንጨት እፈልጣለሁ፣ እንጦጦን እወጣለሁ፣ ሁዳዴን አንድ ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ። እኔን አሮጊቷን ያልጣለ አንቺን ገና ለጋዋን ሊጥልሽ ነው?»

እኔም «ተመስገን» አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት። ያን ቃል ባወጣሁበት ደቂቃ እህቴን በእጃችን አሳልፈን እየሰጠናት እንደነበር የገባኝ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

የምኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ሥር ነበር። አገሬ ከዓባይ ማዶ ነው። በጽሕፈት መኪና ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ አዲስ አበባ ስገባ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ይህ በሆነበት ጊዜ ሠላሳ ስድስት ሞልቶኛል። ባል አላገባሁም። ዘመድ የምለው ሰው በአካባቢው ስላልነበረኝ እማማን እንደ እናት ይዣቸው ነበር።

እማማ የግቢው ባለቤት ነበሩ። ሦስት የሚያከራዩአቸውን ክፍሎች የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ መንግሥት ወረሰባቸውና እኔ በአንድ ቀን የእሳቸው ተከራይ መሆኔ ቀርቶ የቀበሌ ተከራይ ሆንኩ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ጡታቸው ውስጥ ያለውን እብጠት «ተከራዬ» ይሉት ነበር። «ትርፍ ቤቴን መንግሥት ወረሰው፤ ይህን ትርፍ ግን የሚወርስልኝ ጠፋ» ብለው ሲቀልዱ፣ እኔ ሰው እንዳይሰማ በሩን እዘጋለሁ፤ እህቴ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ትሥቃለች።

እህቴ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወታደር አግብታ ከአገር ቤት ወጣች፤ ባሏ ወደ ሰሜን ሲዘምት ነፍሰ ጡር ሆና እኔ ጋ መጣች። እኔ ጭምት ነኝ፤ እሷ ወሬኛ፣ ተጫዋች፣ ነገር የማያሳስባት። በመጣች በወሩ የመንደሩን ሴት ሁሉ አወቀች። እኔ አሥር ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ሰው «የእሷ እህት» ብሎ ይጠራኝ ጀመር።

ልጇ ሴት ናት። በአምስተኛ ወሯ የግራውን ጡት እምቢ አለች። ቀኙን ትጠባለች፤ ወደ ግራ ስትዞር ትንፈራገጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ፊቷን ትመልሳለች። ወተቱ ተቋጥሮ ነው አልን። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አደረግንበት። እህቴ ስታልበው እየታለበ ይወጣል፤ እብጠቱ ግን ባለበት ቀረ፤ በአውራ ጣት ጫፍ የሚሸፈን፣ ደረቅ።

ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ጤና ረዳቱ ልጅ እግር ሰው ነበር፤ በጥንቃቄ ነካካና «የምታጠባ ሴት ጡት በሙሉ እብጠት እብጠት ይላል፤ ከወተቱ ለመለየት ያስቸግራል» አለን። «ወተት ነው ብዬ እገምታለሁ። ግን ሁለት ሳምንት እዩት። ካልጠፋ ተመለሱ፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወረቀት እጽፍላችኋለሁ።»

ሁለት ሳምንት ነው ያለው። ይህን የምጽፈው በእሱ ላይ ማንም እንዳይፈርድ ነው።

ቤት ስንመለስ እማማ ወሬውን ሰሙ። ቀሚሳቸውን የሳቡት ያን ዕለት ነው። የእህቴ እጅ «አንድ ናቸው» ብሎ ከፈረደ በኋላ ሌላ ሐሳብ ማን ያስባል? እማማ ሕመሙን ያገኙት ከወር አበባቸው ከተለዩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ አርባ ቀን ጸበል ተጠመቁ፤ እብጠቱ አልጠፋም፣ ግን ቆመ። በየዓመቱ ሁለት ሱባኤ ይይዛሉ፤ እሱም እዚያው ተቀምጧል፤ ትንሽ ጨመር ቢል እንኳ ከዓመት ዓመት ነው። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጎልናል አልን። እሳቸው የሄዱበትን እንሄዳለን፤ እሳቸው የደረሱበት እንደርሳለን።

አርባ ቀን ተሳልን። እማማ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ጸበል ላይ ያለ ሰው መርፌ አይወጋም፣ ኪኒን አይውጥም፣ ሐኪም ፊት አይቀርብም። «ሁለት ደጅ አይጠናም» ይሉ ነበር። ይህን ሕግ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። አጥማቂው አባት እንዲህ እንዳላስተማሩን ግን በደንብ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን እህቴን ጠይቀው፣ «ልጄ፣ ሐኪምም ዕውቀቱን ያገኘው ከእግዚአብሔር ነው። እየተጠመቅሽም ታከሚ፤ ጸበሉ አይቀየምሽም» ብለዋት ነበር። ሁላችንም ጎንበስ ብለን መስቀል ተሳለምን። ከዚያ ቁልቁለቱን ስንወርድ እማማ «አባ ገር ናቸው፤ ለሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አሉ። እኔም የካህኑን ቃል ትቼ የእማማን ያዝኩ። የአባን ቃል በጆሮዬ ብቻ ሰማሁት፤ የእማማን ግን የእህቴ እጅ ዳስሶ መስክሮለታል።

መሥሪያ ቤት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አርባ ሣጥኖች በጽሕፈት መኪና መታሁ፤ አምስት ወደ ጎን፣ ስምንት ወደ ታች። ከበሩ ጀርባ ለጠፍኩት። በየቀኑ ከጸበል ስንመለስ አንድ ሣጥን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ። መጠንቀቅ ልማዴ ነው፤ አለቆቼ «የአንቺን ጽሑፍ ማረም አያስፈልግም» ይሉኝ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ እንነሣለን። ሕፃኗ እኔ ጀርባ ላይ ትሆናለች። ቅጠል ለማምጣት ከሚወጡት ሴቶች ጋር አብረን ዳገቱን እንያያዘዋለን፤ ስንመለስ ደግሞ ወገባቸው ታጥፎ ከእነሸክማቸው ሲወርዱ እናልፋቸዋለን። እህቴ ከሁሉም ጋር ትቀላለዳለች። ውኃው በረዶ ነው። ከሥሩ ስትወጣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «እማማ፣ የእርስዎ ተከራይ በዚህ ብርድ እንዴት ስምንት ዓመት ቆየ? የኔ ዛሬውኑ ዕቃውን ይሸክፋል» ትላለች። ከዚያ እኔ ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቀሚሷን እየለበሰች ሳለች፣ «እታለሜ» አለችኝ።

«ወይ።»

«ጤና ረዳቱ ያለው ሁለት ሳምንት ዛሬ ሞላ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ብንሄድስ? ለማየት ያህል። አልጠፋም።»

«አሥራ አንድ ቀን ሄደሽ ልታቋርጪ ነው?» አልኳት። «ስለት እኮ ነው። ሃያ ዘጠኝ ቀን ቀረን፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽበት እወስድሻለሁ።»

«ሃያ ዘጠኝ ቀን ብዙ አይደለም?»

«እማማ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ አንቺ ሃያ ዘጠኝ ቀን አቃተሽ?»

ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለችና «እሺ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። አንቺ ታውቂያለሽ። ይህን ቃል በኑዛዜ ለነፍስ አባቴ ተናግሬዋለሁ፣ ቀኖናም ተቀብያለሁ፣ ጨርሻለሁም። ነገር ግን ቃሉ አልለቀቀኝም።

በሃያኛው ቀን ገደማ «አድጓል» አለች። እማማ ዳሰሱት። ፊታቸው ለአንዲት አፍታ ሲለወጥ ያየሁ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን «ጸበሉ ሲያስጨንቀው ነው» አሉ። «ሊወጣ ሲል ይነፋል። የኔም እንዲህ አድርጎ ነበር።» ኋላ ላይ ስጠይቃቸው የእሳቸው እንዲህ አድርጎ እንደማያውቅ ነገሩኝ። «እንዳትፈራ ብዬ ነው» አሉ እያለቀሱ። ያኔ ግን አመንኳቸው፤ ማመን ስለፈለግሁ። ሕፃኗን ከቀኙም ጡት አስጣለቻት፤ ከካራ መንደር ጠዋት ጠዋት ወተት ከምታመጣ ሴት እየገዛን ታጠጣት ጀመር። እኔ ከበሩ ጀርባ ሣጥን እሰርዛለሁ።

ከሠላሳኛው ቀን በኋላ እህቴ ልብሷን ስትለብስ ከእኛ ዞር ማለት ጀመረች። ክንዷን ከጎኗ አታላቅቅም። የእጇ መዛል አልታየኝም አልልም፤ ታይቶኛል። ለዳገቱ ነው፣ ለብርዱ ነው እያልኩ ለራሴ መልስ እሰጥ ነበር።

አርባኛው ቀን አለቀ። ጧፍ ሰጠን። ራጉኤልንም ተሳልመን ወረድን። ቤት ስንደርስ የመጨረሻውን ሣጥን ሰረዝኩና ዘወር ስል እህቴ ቀሚሷን አውልቃ ቆማለች።

«አሁን እዪው» አለችኝ። «ጨርሻለሁ፤ አሁን እዪው።»

የጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተበሳስቶ ነበር። ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል። በአውራ ጣት ይሸፈን የነበረው አሁን እፍኝ የሚሞላ ሆኗል። ብብቷ ሥር ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት፣ ሦስት ነገሮች ተደርድረዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ብብቴ ከሠላሳ ሦስተኛው ቀን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰባት ቀን ነበር የቀረው» አለችኝ። «እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

ወደ ሆስፒታል ለመግባት ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ስደርስ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን የሚያስተናግደው ሰው መዝገቡን ገልጦ አየና ሣቀ።

«እናንተ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ የላችሁም። ሁለታችሁም። የት ነበራችሁ?»

«እህቴ ታማ...»

«እንጦጦ ነበራችሁ። ጠዋት ጠዋት ስትወጡ ሰው አይቷችኋል። እንግዲያስ ጸበሉ ይጻፍላችኋ!» አጠገቡ የተቀመጡት ሣቁ።

እግሩ ላይ ወደቅሁ። በሕይወቴ ለሰው ያን አድርጌ አላውቅም ነበር። ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣና «ተነሺ ጓድ፣ ኧረ ተነሺ፣ ምን ነካሽ» አለኝ። ቢሆንም ሊቀ መንበሩ ካልፈረመ ማኅተም አይመታም። ወረቀቱ እጄ የገባው በዘጠነኛው ቀን ነው። ለነዚያ ዘጠኝ ቀናት ቀበሌውን ስረግም ኖርኩ፤ ከኋላ ያሉት አርባ ቀናት ግን የኔ ነበሩ።

ሐኪሙ መካከለኛ ዕድሜ ያለው ሰው ነበር፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲያዳምጥ ጠረጴዛው ላይ የሚያይ። መረመራት። ጡቷን ብብቷ ሥር ካለው ጋር አወጣው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጣውን የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ ኮሪደሩ ላይ ጠራኝ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ዘግይተናል።»

«ገና ሦስት ወር እኮ አልሞላውም፣ ዶክተር።»

«ለእሷ ሦስት ወር ብዙ ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት። የእማማን ስምንት ዓመት፣ የእህቴን ሁለት እጆች፣ አንድ ናቸው ማለቷን። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና፣ «እኚህን እናት ሊያመጡልኝ ይችላሉ?» አለኝ።

እማማ ሐኪም ቤት ረግጠው አያውቁም። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። «ለእሷ የሚጠቅም ከሆነ ደረቴን ገበያ መሀል እገልጣለሁ» ብለው መጡ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወስዶ መረመራቸው፤ ብብታቸውን ነካ፣ ጠየቃቸው። ከዚያ ሁለታችንንም አስቀመጠን።

«እናቴ፣ የእርስዎም ያው በሽታ ይመስለኛል» አለ።

«ያው?» እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ እኔ ለምን...»

«ስሙ ያው ነው፤ ጠባዩ ነው የሚለየው።» ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ዝግ አድርጎ ማስኬድ ጀመረ። «የወር አበባቸው በቆመ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው የምናየው። ሰውነት የሚያመነጨው ሴትን ሴት የሚያደርገው ንጥረ ነገር አለ፤ ሆርሞን እንለዋለን። የአሮጊቶቹ ብዙውን ጊዜ ያን እየጠበቀ፣ ያን እየተመገበ የሚኖር ነው። ስለዚህ ያዘግማል። አንዳንዴ እንዲህ ዓመታት ይቀመጣል። የወጣቶቹ ግን፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ነው የምለው፣ ያን ምግብ የማይጠብቅ ዓይነት ይበዛዋል። በማጉያ መነጽር ስናየው ሕዋሳቱ ሲጣደፉ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ሲከፈል ይታያል።» ጣቱ ፈጠነ። «በዚያ ላይ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እብጠት ይደብቃል። ወተት ሲጨመርበት ጨርሶ ይሸፍነዋል። እስኪታወቅ ድረስ ሩቅ ሄዷል።»

«በእጅ ሲነካ ግን አንድ ነበር፣ ዶክተር» አልኩት። ለምን እንደተከራከርኩት አላውቅም። «ያው ድርቀቱ...»

«እጅ ድርቀቱን ነው የሚያውቀው። ፍጥነቱን አያውቅም» አለ።

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ወጣት ናት፣ ትችለዋለች ብዬ» አሉ። «ጉልበት ስላላት ያቅተዋል ብዬ።»

ሐኪሙ «የእርስዎን እናወጣዋለን» አላቸው። «እስከ ዛሬ ዘገየ ማለት ለወደፊቱም ይዘገያል ማለት አይደለም። ሲነሣ መነሣቱ አይቀርም።»

«የኔን ተውት፤ የእሷን አድኑ።»

«የእሷን የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ» አለ፤ ይህን ሲል አላየንም።

የእማማን አወጡላቸው። ቁስላቸው በሦስት ሳምንት ደረቀ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረው በሌላ ሕመም ነው ያረፉት። የእህቴ ቁስል ገና ሳይጠግግ ወገቧን ያማት ጀመር፤ ከዚያ ሳል መጣ። የሚሰጧት መድኃኒት ነበር፤ ጠጉሯን አረገፈው፣ ምግብ ነሣት። የሚያስታግስላት ጥቂት ቀን ነው፤ ተመልሶ ይነሣል፣ በተነሣ ቁጥርም ይብሳል። ለባሏ በጦር ሠራዊቱ አድራሻ አራት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በጽሕፈት መኪና ሳይሆን በእጄ። መልስ አልመጣም።

እናታችንን ማየት ፈለገች። የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ያው የቀበሌው ሰው ፊት ቀረብኩ። ያን ዕለት አልሣቀም፤ በዚያው ቀን አስፈርሞ አመጣልኝ። ወረቀቱን ይዤ ሳሳያት ለረጅም ጊዜ አየችውና «እታለሜ፣ ዓባይ በረሃን በዚህ ወገብ?» አለችኝ። የይለፍ ወረቀቱ እስካሁን ዳዊቴ ውስጥ አለ።

የጸሎቴን ነገር ልናገር። ያን ሰሞን ጸሎት አልቻልኩም። ዳዊቱን እገልጣለሁ፤ ፊደሎቹን አያለሁ፤ አንደበቴ ይታሠራል። ጸበሉን አላማሁም፣ እግዚአብሔርንም አላማሁም። ያማሁት ቁጥሬን ነበር። አርባውን አንድ ሳላጎድል ቆጠርኩ፤ በጡቷ ውስጥ እየተቆጠረ ያለውን ግን አልቆጠርኩም። ወረቀቱን ከበሩ ጀርባ ቀደድኩት። ማጣበቂያው እንጨቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ በቢላ ስፍቀው እህቴ ከአልጋዋ ሆና «ተይው፣ በሩን ታበላሺዋለሽ፤ የመንግሥት ነው» አለችኝ።

ከማረፏ ጥቂት ቀን በፊት እማማ አልጋዋ ዳር ተቀመጡ። እህቴ እጇን ዘረጋች፤ አጥንት ብቻ ነበር የቀረው። የእማማን ደረት በቀሚሳቸው ላይ ዳሰሰች። ባዶ ነው።

«ተከራይዎ ወጣ?» አለች።

«ወጣ፣ ልጄ።»

«የኔው ቤቱን ጠቅልሎ ወረሰው» አለችና ለመሣቅ ሞከረች፤ ሳሉ ቀደማት።

ዓርብ ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች። ልጇ አሥራ ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር፤ እኔ አሳደግኋት። ዛሬ እናቷን በዕድሜ ካለፈቻት ቆይታለች። በየዓመቱ ሐኪሞች ይመረምሯታል። በዚያ ቀን ቤቴ ተቀምጬ ስልክ እጠብቃለሁ።

ሙት ዓመቷ ባለፈ በሳምንቱ እማማ «እንውጣ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ወደ ጸበሉ አልወጣንም ነበር። ሕፃኗን ለጎረቤት ትተን ዳገቱን ጀመርነው። እማማ አሥር እርምጃ እየሄዱ ያርፋሉ። ጠዋት ወተት የሚመጣበት ሰዓት ነበር፤ ሴቶቹ ቅጠላቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ። አንዲቷ አወቀችንና «ያቺ ሣቂታዋስ?» አለችን። መልስ ሳንሰጣት አለፍን።

ጸበሉ አጠገብ ደርሰን ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥን አንዲት ሴት መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ልጅ አዝላለች፤ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። እማማ ፊት ጎንበስ አለች።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስምንት ዓመት ይዘውት የኖሩት እርስዎ ነዎት?»

እማማ እጄን ያዙ። ጥፍራቸው ገባብኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሴቶቹ ናቸው። እዚህ አንዲት እናት አሉ፣ ስምንት ዓመት ምንም ሳይሆኑ የኖሩ፣ ዳብሰው ይነግሩሻል አሉኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም ጡቴ ላይ ወጥቶብኛል። ካጠባሁ ወዲህ ነው። እባክዎ የእርስዎን ልንካው።»

ወሬያችን እኛን ቀድሞ እዚያ ይኖር ነበር። እህቴ ናት የዘራችው፤ በዚያ ሣቋ፣ ለየመንገደኛው ሁሉ፣ «የኛ እማማ ስምንት ዓመት ኖሩበት» እያለች። የእሷን መጨረሻ ግን የነገረ አልነበረም።

እማማ የሴትዮዋን እጅ ያዙ። ቀሚሳቸውን ሳቡ። ጠባሳው ላይ አስቀመጡት።

ሴትዮዋ እጇን እንደ እሳት ሰበሰበች። «ኧረ የለም!»

«የለም። ሐኪም ቆርጦ አወጣው። የኔን አትለኪበት፤ እኔ አሮጊት ነኝ፣ የኔ አዝጋሚ ነበር። የአንቺ ሯጭ ነው። በኔ ለክታ የሄደች ልጅ ነበረችኝ፤ የዚች እህት። ቀብረናታል። ዛሬ ሐኪም ቤት ሂጂ። ነገ አይደለም።»

ሴትዮዋ አየችን። ከእማማ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እማማ። እህቴን በዓይኗ ውስጥ አየኋት፤ የሰማችውን እንዳልሰማች ሊያደርጋት የሚታገለውን ተስፋ አየሁት። ያኔ በእኔም ውስጥ ስለነበረ ነው መሰለኝ ያወቅሁት።

«እሄዳለሁ» አለች። «ስለቴን ልጨርስና እሄዳለሁ።»

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አልኳት።

«አራተኛዬ።»

ሠላሳ ስድስት ቀን ቀራት።

«አባን ጠይቂያቸው» አልኳት። «እየተጠመቅሽ ታከሚ ነው የሚሉሽ።»

«ብለውኛል» አለች። «አባ ለሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት።»

ልጁን ፈትታ እማማ እቅፍ ላይ አደረገችው፤ ቀሚሷንና ነጠላዋን አጣጥፋ ድንጋዩ ላይ አኖረች፤ ጫማዋን ከላይ። በውስጥ ልብሷ ብቻ በባዶ እግሯ ወደ ውኃው ገባች። አባ ሲጸልዩ ይሰማኛል። ውኃው ጀርባዋ ላይ ሲወርድ ስትጮህ ሰማኋት፤ ያው የእህቴ ጩኸት ነው።

ተነሣሁና ልብሷን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ጫማዋንም። ሁለቱንም እጆቼን በላዩ አጠላለፍኩ።

ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር። ድንጋዩን አየችው፤ ከዚያ ጭኔን አየች። እጇን ዘረጋች።

«ልብሴን ስጪኝ፣ እህቴ» አለች። «በረደኝ።»

«እሰጥሻለሁ» አልኳት። «አብረሽኝ ትወርጂያለሽ?»

«አላልኩሽም እንዴ? ስለቴን ስጨርስ።»

አልሰጠኋትም። ሰው ዞሮ እያየን ነው። ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፤ አንዲቷ «ምን ያለችው ናት? ደጀ ሰላም ላይ ልብስ ትቀማለች?» ትላለች። ሴትዮዋ እየተንቀጠቀጠች ልብሷን በጫፉ ያዘችና ሳበችው። እኔም በሌላው ጫፍ ያዝኩት። እማማ ልጁን ይበልጥ አቀፉት። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ፊት ድምፄን አንሥቼ የማላውቅ ሴት፣ እንጦጦ ተራራ ላይ፣ የማላውቃትን ሴት ቀሚስ ይዤ፣ ሕዝብ እየሰደበኝ፣ «አልለቅም» እል ነበር። «አልለቅም። ዛሬ ነው። አልለቅም።»